ስለ ሄንሪ ስም፤ ከነገሥታት ዙፋን እስከ አራዳ ጎዳና

አንባቢ ሆይ፤

«ስም ይወጣል ከቤት፥ ይከተል ጎረቤት» ይላል የአገራችን ሰው። ስም በቤት ይሰጣል፤ ከቤት ከወጣ በኋላ ግን ሰጪው አያዝበትም። ጎረቤት ለአንደበቱ እንደ ተመቸው ይጠራዋል፤ ባሕር የተሻገረ እንደ ሆነም ሌላ መልክ ይዞ ይታያል። ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ከአውሮፓ ስሞች አንዱን፥ እንግሊዞች ሄንሪ የሚሉትን ነው።

«የፈረንጅ ስም ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር፥ መልሱ ከአዲስ አበባ መካከል ይገኛል። በፒያሳ ያደገ ሰው ኤንሪኮ ኬክ ቤት ሲባል ያልሰማ አይገኝም። ኤንሪኮ ማለት ሄንሪ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የኢጣሊያ አንደበት ብቻ ነው። እዚያው አካባቢ በሚገኘው በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር፥ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ አድርጎ የላከው ልጁ ስሙ ሄንሪ ነበር። አንዱ ስም የንጉሥ ልጅ መጠሪያ፥ ደግሞም የኬክ ቤት ምልክት ሆኖ በአንድ ሰፈር ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ከሥሩ መጀመር ይገባል። በምናወሳው ታሪክ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል የተጨመረበት ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ሌላው ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ስሙ ከጥንት ጀርመኖች ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ነው። የፊተኛው «ሃይም» የሚለው፥ ቤት ወይም መኖሪያ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ዛሬ ቤታቸውን «ሆም» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። የኋለኛው «ሪክ» የሚለው፥ ኃያል፥ ገዢ፥ አለቃ ማለት ነው፤ ጀርመኖች መንግሥትን «ራይክ»፥ እንግሊዞች ባለጸጋን «ሪች» ማለታቸው የዚሁ ቃል ዘር ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ሃይምሪክ» ይሆናል፤ ትርጓሜውም «የቤት ጌታ» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ብንፈልግለት «አባወራ» ከሚለው የተሻለ አይገኝለትም። እንግዲህ ስንት ነገሥታት ዘውድ የጫኑበት ስም በመነሻው የአንድ አባወራ ስም ነበረ።

ጀርመኖች በጥንት ዘመን ለልጆቻቸው ስም የሚያወጡት እንዲህ ሁለት ቃል በማጋጠም ነበር። ፍሬድሪክ ሰላምና ገዢ ከሚሉት፥ ዊልያም ፈቃድና የራስ ቁር ከሚሉት፥ ፈረንሳዮች ሉዊ የሚሉት ሉድቪግም ዝናና ጦርነት ከሚሉት ቃላት የተገጣጠሙ ናቸው። በእኛም አገር ሁለት ቃል ማጋጠም የታወቀ ነው፤ ኃይለ ሥላሴ፥ ገብረ ማርያም፥ ወልደ ጊዮርጊስ እንላለን። ነገር ግን አሠራሩ ይለያል። የእኛ ስም በዘርፍና በባለቤት የታሰረ ስለ ሆነ አንድ ሙሉ ሐሳብ ይሰጣል፤ ሰውየው የማን ኃይል፥ የማን አገልጋይ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይናገራል። የጀርመኖቹ ግን ብዙ ጊዜ ከአባት ስም አንዱን ቃል፥ ከእናት ወይም ከአያት ስም ሌላውን ቃል ወስደው ያጋጥሙት ስለ ነበር፥ ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው ባይስማሙም አይጨነቁበትም ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ የሚሰጠው ስም ከሥላሴ፥ ከእመቤታችን፥ ከመላእክት ወይም ከቅዱሳን ጋራ የተያያዘ ነው፤ ቅድስናው ስሙን ይቀድማል። ሄንሪ ግን ክርስትና ወደ ጀርመን አገር ሳይገባ በፊት በነበረ ልማድ የተሠራ የሰው ስም ነው። ወደ ቅዱሳን መዝገብ የገባው ኋላ፥ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሄንሪ በ1146 በሮም ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተብሎ በታወጀ ጊዜ ነው። በዚያ ሰውየው ስሙን ቀደሰው፤ በዚህ ስሙ ሰውየውን እንዲቀድሰው ይታሰባል።

ስሙ ከጀርመን ወጥቶ ጎረቤት እንዴት እንደ ተከተለው እንመልከት። ጀርመኖች ሃይንሪሽ ይሉታል። በላቲን ሄንሪኩስ ተባለ። ፈረንሳዮች «ሀ»ን ስለማያሰሙ አንሪ አሉት፤ ኢጣሊያኖች ኤንሪኮ፥ እስፓኞች ኤንሪኬ፥ ሆላንዶች ሄንድሪክ፥ ስዊድኖች ሄንሪክ አሉት። ወደ እንግሊዝ ያስገቡት በ1066 አገሩን የያዙት ኖርማኖች ናቸው። የአገሩ ሕዝብ በንግግሩ ሃሪ ይለው ስለ ነበር፥ ሃሪ ማለት ቀድሞ የቁልምጫ ስም ሳይሆን ሄንሪ ተብሎ የሚጻፈው ስም የሚነገርበት ድምፅ ነበር። ስለዚህ በ1984 የተወለደው የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ በክርስትናው ሄንሪ መባሉ ሁለት ስም ስላለው አይደለም።

በነገሥታት ዘንድ የነበረውን አገልግሎት ብንቈጥር፥ በጀርመን ከ919 እስከ 1313 ባለው ዘመን በዚህ ስም የተቈጠሩ ነገሥታት ሰባት ናቸው። በእንግሊዝ ስምንት፥ በፈረንሳይ አራት፥ በካስቲል አራት፥ በፖርቱጋል አንድ ነገሡ። ስሙ «የቤት ጌታ» ማለት ቢሆንም ሁሉም ቤታቸውን በሰላም ገዙ ማለት አይደለም። የጀርመኑ አራተኛ ሄንሪ ከሮም ጳጳስ ጋራ ተጣልቶ ከተወገዘ በኋላ፥ በ1077 ክረምት ወደ ካኖሳ ሄዶ በበረዶ ላይ ሦስት ቀን ቆሞ ይቅርታ ለመነ። የእንግሊዙ ስድስተኛ ሄንሪ ዓመት ሳይሞላው ነግሦ፥ በ1471 በለንደን ግንብ እስረኛ ሆኖ ሞተ። ስምንተኛው ሄንሪ በ1534 የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ለየ፤ እርሱ በ1547 ከሞተ ወዲህ እንግሊዝ ሄንሪ የሚባል ንጉሥ አላነገሠችም። ከፈረንሳይ ነገሥታትም ዳግማዊው በ1559 በጦር ጨዋታ ቈስሎ ሞተ፤ ሦስተኛው በ1589፥ አራተኛው በ1610 በነፍሰ ገዳይ እጅ ወደቁ። በእኛ ዘመን በዚህ ስም አገር ይገዛ የነበረው የሉክሰምቡርጉ ታላቅ መስፍን አንሪ ነበር፤ እርሱም በ2025 ሥልጣኑን ለልጁ ለጊዮም አስረከበ። ጊዮም ማለት ዊልያም ማለት ስለ ሆነ፥ ዙፋኑ ከአንድ የጀርመን ስም ወደ ሌላ የጀርመን ስም ተላለፈ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፤ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ነገሥታት በስም ረገድ ከአውሮፓውያን የሚበልጥ ሥርዓት ነበራቸው። አንድ ንጉሥ ቤተሰብ የሚጠራው ስም፥ የክርስትና ስም፥ የፈረስ ስምና ስመ መንግሥት ይኖረው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፥ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር። ካሣ ኃይሉ በነገሡ ጊዜ «ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል» የሚለው የቈየ ትንቢት በሕዝቡ ልብ ስለ ነበረ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ የፈረስ ስማቸውም አባ ታጠቅ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በክርስትና አስካለ ማርያም ይባሉ ነበር፤ ዘውድ የጫኑትም በዚያው በአራዳ ጊዮርጊስ፥ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ተፈሪ መኰንን ግን በነገሡ ጊዜ ስመ መንግሥት እንዲሆናቸው የመረጡት የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን ነው። በእንግሊዝም ይህን የሚመስል አልታጣም። በ1936 የነገሠው ስድስተኛ ጆርጅ በቤቱ የሚጠራው አልበርት ተብሎ ነበር፤ የአባቱን ስም የያዘው ዙፋን ሲወጣ ነው።

ሄንሪ የሚለው ስም ኢትዮጵያን የተገናኘው ከዘውዱ በዓል እጅግ ቀድሞ ነው። በ1400 የእንግሊዙ አራተኛ ሄንሪ ቄስ ዮሐንስ ብሎ ለሚጠራው ለአቢሲኒያ ንጉሥ ደብዳቤ ጽፏል፤ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበሩት ንጉሥ ዐፄ ዳዊት ነበሩ። ከጥቂት ዘመን በኋላም መርከበኞችን ወደ አፍሪካ ጠረፍ በመላክ የታወቀው የፖርቱጋሉ ልዑል ኤንሪኬ፥ በወዲያኛው ወገን ያለ ክርስቲያን ንጉሥ ወዳጅ ይሆነኛል ብሎ ወሬውን ያስፈልግ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልናስታውሰው የሚገባ ግን የሌላው ኤንሪኬ ነገር ነው። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ወደ ሊዝቦን ደረሰ። በዚያም የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዓት የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀ። ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለው የፖርቱጋል ሊቅ ጽሑፉን በላቲን አድርጎ በ1540 በሉቫን ከተማ በመጽሐፍ አሳተመው። የንጉሡ ወንድም ካርዲናል ኤንሪኬ ግን የሃይማኖት መርማሪዎች አለቃ ስለ ነበር በ1541 መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይነበብ ከለከለ። አንድ ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ርቆ፥ «እኛ እንዲህ እናምናለን፤ በልማዳችን አትንቀፉን» ብሎ የተናገረው ቃል በዚህ ሰው ትእዛዝ ታፈነ። ካርዲናሉ በ1578 ራሱ ነገሠ፤ በ1580 ያለ ልጅ ሲሞትም ፖርቱጋል ለእስፓኝ ንጉሥ ገባች። «የቤት ጌታ» የተባለው ሰው ቤቱን የሚወርስ ልጅ አልነበረውም። የጸጋ ዘአብ ቃል ግን ዛሬም ይነበባል።

በሌላ ወገን ደግሞ ይህ ስም ለኢትዮጵያ ክብር ሲከራከር ተገኝቷል። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ከሆነው ከዐድዋ ድል በኋላ፥ በ1897 የፈረንሳዩ ልዑል አንሪ ዶርሌያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በዐድዋ ስለ ተማረኩት የኢጣሊያ ሹማምንት በፓሪስ ጋዜጣ የጻፈው ነቀፌታ ኢጣሊያኖችን ስላስቈጣ፥ የኢጣሊያ ንጉሥ ዘመድ የሆነው የቶሪኖ ኮንት ለፍልሚያ ጠራው። ሁለቱ መሳፍንት በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፓሪስ አጠገብ በሰይፍ ተጋጠሙ፤ አንሪ ሆዱ ላይ ቈሰለ፥ ግን ዳነ። እንዲህ ዐድዋ ላይ የተጀመረው ነገር በአውሮፓ መሳፍንት መካከል ደም አፈሰሰ።

አሁን ወደ 1923 ዓ.ም. እንምጣ። በዘውዱ በዓል ዋዜማ በአራዳ አደባባይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተገልጦ ነበር። በማግስቱ ከውጭ መንግሥታት ከመጡት እንግዶች መካከል የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ የግሎስተር መስፍን ሄንሪ፥ የኢጣሊያ ንጉሥ ዘመድ የኡዲኔው ልዑል ፈርዲናንዶ፥ የፈረንሳዩ ማርሻል ሉዊ ፍራንሼ ዴስፔሬ ይገኙ ነበር። የሦስቱም ስም ሥሩ ከጀርመን ነው፤ ሄንሪ «የቤት ጌታ»፥ በሉዊ ውስጥ «ዝና»፥ በፈርዲናንዶ ውስጥ «ደፋር» የሚሉት ቃላት አሉ። በአንጻሩ የዘውዱ ባለቤት ስም ሥላሴን የሚጠራ ነበር፤ በዓሉ የተከበረበት ቤተ ክርስቲያንም የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላ፥ ፈርዲናንዶን ለደስታ የላከው መንግሥት ጦር ለወረራ ላከ። ሄንሪንና ሉዊን የላኩት መንግሥታት በመንግሥታት ማኅበር ተቀምጠው ሳለ ኢትዮጵያ ብቻዋን ተዋጋች። ወራሪዎቹ አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የምኒልክን ሐውልት ከአራዳ አወረዱ፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ በተጨፈጨፈባቸው ቀናትም ያንኑ ዘውድ የተጫነበትን የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አቃጠሉ። በወረራው ዘመን ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ ኤንሪኮ ቼሩሊ ይባል ነበር፤ የግዕዝንና የኢትዮጵያን ጽሑፎች በመመርመር የታወቀ ሊቅ ነው። መጻሕፍታችንን ማወቁ ነጻነታችንን ከሚደፍር መንግሥት ጋራ ከመሥራት አልከለከለውም። ስለዚህ ከፍ ያለ ስም ከፍ ያለ ሥራን፥ እውቀትም ፍቅርን ሁልጊዜ አያስከትልም ማለት ነው። የስም ፍቺ የባለስሙ ዋስ አይደለም።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሐውልቱ በቦታው ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ። የወራሪው መንግሥት ሄደ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ፒያሳ ማለት በኢጣሊያ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው፤ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ የሄደበት መርካቶም በዚያው ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ሕዝቡ ቃላቱን ከወራሪው እጅ ተቀብሎ እንደ ፈቃዱ ተጠቀመባቸው፤ ዛሬ «ፒያሳ» የሚል ሰው ስለ ሮም አያስብም። ኤንሪኮም እንዲሁ ሆነ። የስንት ነገሥታት ስም፥ የመጽሐፍ ከልካዩ ካርዲናል ስም፥ የወረራው ሹም ስም፥ በፒያሳ ትርጉሙ ኬክ ሆነ። ልጅ በፈተና ሲያልፍ፥ ዘመድ ሲጠየቅ፥ በካርቶን ተቋጥሮ የሚሄድ ጣፋጭ ነገር ሆነ። ስምን የሚያከብረውና የሚያዋርደው ጎረቤት ነው የተባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? አውሮፓውያን ሃይምሪክ የሚለውን የአባወራ ስም ከሺህ ዓመት በላይ እየጻፉ ስላቈዩት፥ ዛሬ ፍቺውን፥ ጉዞውን፥ የያዙትን ሰዎች አንድ በአንድ መቍጠር ተችሏል። የእኛስ? አራዳ ራሱ የስም መዝገብ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥት ባለ እጆች የሰፈሩበት መሆኑን ስሙ ይመሰክራል። ደጃች ውቤ ሰፈር የባለቤቱን ስም ይዟል። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ደግሞ ጠያቂ የሚጠይቅባቸው፥ ሽማግሌ የሚያጫውትባቸው ስሞች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር በዚያው በፒያሳ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በአካባቢው የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፥ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ወደ ከተማው ልዩ ልዩ ዳርቻ ተበታተኑ። ቤት ሲፈርስ ድንጋዩ በመኪና ይጫናል፤ ስሙን ግን የሚጭነው የሰው አፍ ብቻ ነው። ጎረቤት ሲበተን ደግሞ ስሙን የሚከተል አፍ ይታጣል። ምሳሌው «ይከተል ጎረቤት» ማለቱን እናስብ፤ ጎረቤት ከሌለ የሚከተል የለምና።

ስለዚህ በአራዳና በፒያሳ የተወለዳችሁ፥ አሁንም በየዳርቻው የምትኖሩ ሁሉ፥ አንድ ደብተር ግዙ። የሰፈራችሁን ስም፥ የጓሮውን መንገድ ስም፥ የዳቦ ቤቱንና የጠጅ ቤቱን ስም፥ ስሙ ለምን እንደ ወጣ ከአባትና ከእናት የሰማችሁትን ጻፉበት። ልጆቻችሁ ስለ ሄንሪ በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ስለ ዶሮ ማነቂያ ግን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም። ለልጃችሁም ስም ስታወጡ፥ ከባሕር ማዶ ብትወስዱት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ፍቺውን ጠይቃችሁ ያዙት፤ የራሳችሁንም ፍቺውን ሳታውቁ አትጣሉት። የውጭ ስም በፊደላችን ስትጽፉም ሄንሪ፥ አንሪ፥ ኤንሪኮ፥ ሃይንሪሽ የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን አትርሱ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ከፈረሰ ቤት በላይም ሊውል ይችላል፤ ጸሐፊ ያገኘ እንደ ሆነ።